ካሴቱ የቆረጣቸው ጨፋሪዎች

እህቴ ጣቷን ወደ ቀኝ ጥግ ቀስራ «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» አለችኝ። በሹክሹክታ መሆኑ ነው። የእህቴ ሹክሹክታ ግን ሦስት ረድፍ ይሻገራል። ከፊታችን የተቀመጡት አዛውንት ፈረንጅ ዞር ብለው አዩንና ፈገግ ብለው ተመለሱ።

መጋረጃው ላይ ያ የሰገነቱ ጭፈራ ነበር። ተዋናይዋ ሪታ ሞሬኖ ወይን ጠጅ ቀሚሷን እየገለበች ወንዶቹን ታበሽቃለች፣ ሴቶቹ ከኋላዋ ያጨበጭባሉ፣ ወንዶቹ ይመልሳሉ። ይህን ጭፈራ እኔና እህቴ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃላችን እናውቀዋለን። ማን መቼ እንደሚዞር፣ ማን መቼ እንደሚዘል፣ የቱ ጋ ፉጨት እንዳለ። ጥግ ላይ ያለችውን ሴትዮ ግን በሕይወታችን አይተናት አናውቅም።

ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ኤኤፍአይ ሲልቨር የሚባለው ሲኒማ ቤት። በዚያ አካባቢ የሚኖር አበሻ በፊቱ ሳያልፍ አይውልም፤ ክትፎ ቤቱም፣ እንጀራ የሚሸጠው ሱቅም፣ ፀጉር ቤቱም ዙሪያውን ነው። እኔ ራሴ ለዓመታት «ከሲኒማው ወደ ግራ ታጠፍ» እያልኩ ለሰው አቅጣጫ የማመላክትበት ሕንፃ ነበር እንጂ ገብቼበት አላውቅም። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው (ከዚህ በኋላ የፈረንጁን ዓመት ስጠራ በእነሱው አቆጣጠር ነው)። ተዘግቶ፣ ተረስቶ፣ ሊፈርስም ደርሶ ነበር። የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት አሳድሶት በ2003 እንደገና ተከፈተ። አሁን አሮጌ ፊልሞችን በዲጂታል ሳይሆን በራሱ በፊልሙ፣ ከዚያም አልፎ በሰፊው በ70 ሚሊሜትር ፊልም ማሳየት ከሚችሉት ጥቂት ቤቶች አንዱ ነው። በዚያ ቀን የምናየው ዌስት ሳይድ ስቶሪን ነበር፤ የሁለት የኒውዮርክ ሰፈር ጋንጎችን ጠብ በዘፈንና በጭፈራ የሚተርከውን ፊልም። የ1961ዱን።

ስለ ካሴቱ ልንገራችሁ።

አክስታችን ከዋሽንግተን ስትመጣ ነው ይዛው የመጣችው። አዲስ አበባ፣ በእኛ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ማለቂያ ላይ። መጀመሪያ አልሠራም። የአሜሪካ ካሴት በእኛ ዴክ ሲገባ ምስሉ ይዘላል፣ ቀለሙ ይጠፋል፤ የእነሱ የቴሌቪዥን ሥርዓት ኤንቲኤስሲ የሚባለው ነው፣ የእኛ ፓል። መፍትሔው ጎረቤት ያለው «መልቲ ሲስተም» ዴክ ነበር። እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ካሴቱን በብብታችን ይዘን ጎረቤት እንሄድና፣ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ፊት ምንጣፍ ላይ ተደርድረን እናያለን። ስንት ጊዜ እንዳየነው አልቆጠርኩም። በመጨረሻ ካሴቱ መሀሉ ላይ እንደ ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር።

አንድ እሁድ አባታችንም አብሮን አየ። ሁለቱ የሰፈር ጋንጎች ጣታቸውን እያጮሁ፣ እየዘለሉ፣ እየተሽከረከሩ ሲጠጋጉ ካየ በኋላ «እነዚህ ሰዎች ሲጣሉ የሚጨፍሩት ምን ነክቷቸው ነው?» አለ። ከጎጃም ለሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ የከረሙት አያታችን ግን አንዴ አዩትና ገባቸው። «ፉከራ ነዋ!» አሉ። «ሰው ከመጋጨቱ በፊት ይሸልላል፣ ይፎክራል፣ መሬት ይመታል። ምን ይገርማል?» እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚያ ፊልም ከተጻፈ ነገር ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል።

እህቴ የእናቴን ነጠላ ወገቧ ላይ አስራ የሪታ ሞሬኖን ጭፈራ ትጨፍር ነበር። ጎበዝ ነበረች፣ እውነቴን ነው። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ የአሜሪካዋን አሳዪን» ትባላለች። ለሠላሳ ዓመት ያህል እኛ ቤት «የአሜሪካዋ» ሲባል እህቴ በካሴቱ ያጠናችው፣ አራትና አምስት ሰው የሚጨፍረው ጭፈራ ማለት ነው።

አሁን ሰገነቱ ላይ ግን በአንድ ጊዜ ከዚያ በጣም የሚበልጥ ሰው አለ።

ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። ይህ ፊልም ስፋቱ ከቁመቱ 2.2 እጥፍ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ስፋት ደግሞ የቁመቱን 1.33 ብቻ ነው። ፊልሙ ቴሌቪዥኑን ከላይ እስከ ታች እንዲሞላው ከተፈለገ ከጎንና ከጎኑ መቆረጥ አለበት። ሲካፈል ከመቶ 40 ያህሉ ይሄዳል። ካሴቱን ያዘጋጀው ባለሙያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «አሁን ግራው ይታይ፣ አሁን ቀኙ» እያለ ይመርጥልናል። ለንግግር ብዙም አይጎዳም፤ ሁለት ሰው ሲያወራ አንዱን ማሳየት ይቻላል። ጭፈራ ላይ ግን ግፍ ነው። ጭፈራው የተሠራው ለጠቅላላው ስፋት ነዋ። አንዱ ጥግ ላይ ያለው ሰው ለሌላኛው ጥግ ይመልሳል። አንዱን ከቆረጥከው ሌላኛው ብቻውን እንደሚያወራ ሰው ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቂሜን ላውጣ። በልጅነታችን በቴሌቪዥን የባህል ውዝዋዜ ሲታይ ካሜራው ትከሻና ፊት ላይ ሙጥኝ ይል ነበር። ለእስክስታ እሺ ይሁን። ጉራግኛ ሲመጣ ግን እግሩን ካላሳየኸኝ ምኑን ነው የማየው? ሰውየው እዚያ ታች እሳት እያነደደ እኔ የማየው ላቡን ነው።

ሰባ ሚሊሜትር የሚባለው ነገር የተወለደው ከቴሌቪዥን ጋር በነበረ ፉክክር ነው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ አሜሪካኖች ቤታቸው ተቀምጠው ቴሌቪዥን ማየት ጀመሩና ሲኒማ ቤቶች ተራቆቱ። ስለዚህ ሆሊዉድ «ቤታችሁ የማታገኙትን እንስጣችሁ» አለ። በ1952 ሲኔራማ የሚባል መጣ፤ በሦስት ፕሮጀክተር ሦስት ምስል ጎን ለጎን እየጣለ አንድ ግዙፍ ጎባጣ መጋረጃ የሚሞላ። ጉድ ተባለለት፣ ግን መገጣጠሚያዎቹ ይታያሉ፣ አንዱ ፕሮጀክተር ከተበላሸ ሁሉም ይበላሻል። በሲኔራማ ሥራ ውስጥ የነበረ ማይክ ቶድ የሚባል ነገረኛ ፕሮዲውሰር ያንኑ ትልቅነት ከአንድ ቀዳዳ የሚያወጣ ነገር ፈለገ። አሜሪካን ኦፕቲካል ወደሚባል የመነጽርና የሌንስ ኩባንያ ሄዶ ብራያን ኦብራያን የሚባሉትን ሳይንቲስት ያዘ። ውጤቱ ቶድ-ኤኦ ተባለ። ካሜራው ውስጥ የሚገባው ፊልም ስፋቱ 65 ሚሊሜትር፣ ለሲኒማ ቤት የሚታተመው 70። የተጨመረችው 5 ሚሊሜትር ለድምፅ ናት። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ማግኔት ይቀባል፣ ልክ እንደ ቴፕ ካሴት፣ ስድስት የተለያየ ድምፅ ይይዛል። አምስቱ ከመጋረጃው ኋላ፣ አንዱ በአዳራሹ ዙሪያ።

የመጀመሪያው ፊልም ደግሞ ሚውዚካል፣ ማለትም በዘፈንና በጭፈራ የሚተረክ ፊልም ነበር፤ ኦክላሆማ!፣ 1955። እዚህ ላይ አንድ የምወደው እብደት አለ። የማይክ ቶድ ካሜራ በሰከንድ 30 ምስል ነበር የሚያነሳው፣ ሌላው ሲኒማ ቤት ሁሉ ደግሞ የሚሠራው በ24። ስለዚህ ፊልሙን ሁለት ጊዜ ቀረጹት። አንዴ በሰፊው ፊልም፣ አንዴ ለተራው ሲኒማ ቤት በ35 ሚሊሜትር። ያው ዘፈን፣ ያው ፈረስ፣ ያው ሳቅ፣ ሁለት ጊዜ። ፊልሙ ውስጥ የሚታየው በቆሎ ብቻ ነው ያልደከመው።

ከዚያ በኋላ ወደ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ትልልቆቹ ሚውዚካሎች በዚህ መንገድ መጡ። ሳውዝ ፓሲፊክ፣ ማይ ፌር ሌዲ፣ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ፣ ሄሎ ዶሊ። እንደ ቲያትር ነበር የሚታዩት፣ የተቆጠረ ወንበር፣ በቀን ሁለቴ፣ መግቢያ ሙዚቃ፣ መሀል ላይ ዕረፍት። በ1960ዎቹ ማለቂያ ላይ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው አንዳንዶቹ አልሸጥ ሲሉ ነገሩ በረደ።

ወደ አዳራሹ ልመለስ።

መብራቱ ጠፋ። መጋረጃው ላይ አንድ ባለ ቀለም ሜዳ መጣ፣ ላዩ ላይ ቀጫጭን ቋሚ መስመሮች አሉት፣ ከዚያ ሌላ ምንም የለም። ሙዚቃው ይጫወታል። ቀለሙ ይቀየራል። ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። እህቴ «ተበላሽቶባቸው ነው እንዴ?» አለች። ካሴታችን ላይ ይህ ክፍል አልነበረም። አራት ደቂቃ ካለፈ በኋላ እነዚያ መስመሮች ቀስ ብለው ሕንፃ ይሆናሉ፤ የማንሃተን ጫፍ። ከዚያ ካሜራው ከሰማይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ያያል። ድልድይ፣ መንገድ፣ የተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ፣ እንደ ጉንዳን የሚሄዱ መኪኖች። ዝም ያለ ነው፣ ከሩቅ የከተማ ጫጫታና ፉጨት ብቻ። ቴሌቪዥን ላይ ይሄ ካርታ ነበር። እዚህ ግን ጉልበቴ ቄጠማ ሆነ፤ ከፍታ እንደምፈራ ረስቼ ነበር።

ከዚያ ካሜራው ወደ አንድ ሰፈር ይወርዳል። እኔ ቀኑን ሙሉ ያሰብኩትም ስለዚሁ ሰፈር ነው። መግቢያው ላይ ያለው የውጪ ጭፈራ የተቀረጸው ኒውዮርክ ውስጥ ነው፤ ከፊሉ ምሥራቅ 110ኛ ጎዳና፣ ከፊሉ ደግሞ ምዕራብ 68ኛ ጎዳና ላይ። ያ የምዕራቡ አካባቢ ጥቁሮችና ፖርቶ ሪኮዎች የሚኖሩበት ነበር፤ ሳን ህዋን ሂል ይሉታል። ሊንከን ሴንተር የሚባለውን የሙዚቃና የቲያትር ማዕከልና አዳዲስ ቤቶችን ለመሥራት ተብሎ ከ7,000 በላይ ቤተሰብ ተነስቷል። ቀራጮቹ በ1960 ሲደርሱ ነዋሪው ወጥቶ ሕንፃዎቹ መፍረሻቸውን እየጠበቁ ነበር። ዛሬ እዚያ ኦፔራ ይዘፈናል።

በቴሌቪዥን ያ ሰፈር ከጨፋሪዎቹ ጀርባ ያለ ቡናማ ነገር ነበር። በ70 ሚሊሜትር ግን ጡቡን መቁጠር ይቻላል። የፊልሟ አንዷ ምስል የቆዳ ስፋት ከመደበኛው 35 ሚሊሜትር ከሦስት እጥፍ ስለሚበልጥ ሩቅ ያለው ነገር አይሟሟም። የተሰነጠቀ ልስን፣ ግድግዳ ላይ በኖራ የተጻፈ ስም፣ የዛገ መሰላል፣ የአንዱ መስኮት ተሰብሮ የሌላው መጋረጃ እንደተሰቀለ። ጭፈራውን ትቼ መስኮት መስኮቱን ስፈልግ ራሴን አገኘሁት። ማንም «እዚህ ተመልከት» አይለኝም። ዓይኔ የራሴ ነው።

በእኛው አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ እዚህ የምንኖር ሁሉ በስልካችን ነው ያየነው። ዶሮ ማነቂያን በጣታችን ስፋት፣ በሚንቀጠቀጥ ቪዲዮ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ። እህቴ ፊልሙ መሀል ምንም አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ግን አንድ ሰው በዚያ ሰፊ ፊልም፣ ለዘፈንም ይሁን ለምን፣ አንድ ቀን ጠዋት ያንን ቁልቁለት ቀርጾት ቢሆን ብዬ ሳላስብ አልቀረሁም።

ግልጽነቱ ደግሞ አያዳላም። ጥሩውን ሲያሳይ መጥፎውንም ያሳያል። ከሁለቱ ጋንጎች የፖርቶ ሪኮዎቹን አለቃ የሚጫወተው ጆርጅ ቻኪሪስ ዘሩ ግሪክ ነው፣ ፊቱ ላይ የተቀባው ቡናማ ነገር በትልቅ መጋረጃ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሪታ ሞሬኖ ራሷ ፖርቶ ሪኮ የተወለደች ሆና ሳለ እሷንም አጥቁረዋታል። ሁላቸውንም አንድ ዓይነት ቀለም እንደቀቧቸው፣ እሷም ተቃውሞዋን እንደተናገረች በኋላ ላይ ተርካለች። ካሴቱ ላይ ይሄ አይታወቅም ነበር፣ ሁሉም ደብዛዛ ነዋ። እህቴ ነርስ ናት፣ ቆዳ ማየት ሥራዋ ነው፤ «ምንድነው የቀቧቸው፣ የጫማ ቀለም ነው?» አለች። አዛውንቱ አሁንም ዞሩ። ፊልሙ 10 ኦስካር ወስዷል፣ ከነዚህ ሁለቱ የቻኪሪስና የሞሬኖ ናቸው። ይገባቸዋል። ቀለሙም አለ።

ድምፁም እንደዚያው ነው። ዋናዋ ተዋናይ ናታሊ ዉድ ስትዘፍን ከንፈሯ እንጂ ድምፁ የሷ አይደለም፤ ማርኒ ኒክሰን የምትባል ዘፋኝ ናት። ይህቺው ሴት ማይ ፌር ሌዲ ላይ ለኦድሪ ሄፕበርን፣ ዘ ኪንግ ኤንድ አይ ላይ ለዴቦራ ኬር ዘፍናለች። ስሟ ግን ፊልሞቹ ሲወጡ አልተጻፈም። ይህን ለእህቴ ስነግራት ገረማት፣ ያስገረማት ግን ሌላ ሰው መዝፈኑ አይደለም። በህንድ ፊልም ያደገ አበሻ ይሄን ያውቃል። ተዋናይዋ ሌላ፣ ዘፋኟ ላታ ማንጌሽካር። እዚያ ግን ዘፋኟ ንግሥት ነበረች፣ ስሟ በካሴቱ ሽፋን ላይ ነው። «ምን ያሳፍራል ታዲያ? ለምን ደበቋት?» አለች እህቴ። መልስ አልነበረኝም። ማርኒ ኒክሰን ግን አንዴ ፊቷን አሳይታለች፤ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ ላይ ከመነኮሳቱ አንዷ እሷ ናት።

ፊልም አምላኪ እንዳልመስል አንድ ነገር ልናገር። በፊልም ስለታየ ብቻ ያምራል ማለት አይደለም። ከጥቂት ዓመት በፊት ሌላ ከተማ፣ ስሙን የማልጠራው ሲኒማ ቤት፣ ሌላ የስድሳዎቹ ሚውዚካል በ70 ሚሊሜትር ለማየት ሁለት ሰዓት ነድቼ ሄጄ ነበር። የዚያ ዘመን ፊልም ቀለሙ ይከዳል፤ መጀመሪያ አረንጓዴውና ሰማያዊው ይሄድና ቀዩ ይቀራል። ሣሩ ሮዝ፣ ሰማዩ ሮዝ፣ የሰዎቹ ጥርስ ሮዝ። ሦስት ሰዓት ገደማ በእንጆሪ ጭማቂ ውስጥ እንደመዋኘት ነው። እሱ ላይ ደግሞ አሮጌ ፊልም እየበሰበሰ ሲሄድ የአቼቶ ሽታ ያመጣል ይባላል፤ ያ ቀን ግን የሸተተኝ ፈንዲሻው ብቻ ነው። ከዚያ ሮዝ ፊልም በንጹሕ ዲጂታል ማየት በስንት ጣዕሙ። በሲልቨር ስፕሪንግ ያየነው ግን ዕድሜ ዘግይቶ እንደ አዲስ ለታተመ ቅጂ፣ ቀለሙ አልከዳም። አልፎ አልፎ ጭረት አለው፣ ጥግ ላይ ጥቅልሉ ሊያልቅ ሲል ብልጭ የምትል ክብ ምልክት አለች፣ ምስሉም ትንሽ ይተነፍሳል። ያን ትንፋሹን ወደድኩት።

ስንወጣ አንድ ሒሳብ ሠራሁ፣ መሥራት ስለምወድ። ፊልሙ 152 ደቂቃ ነው፣ ሰባ ሚሊሜትር በደቂቃ 34 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ፊልም ማለት ነው። «ከአራት ኪሎ መስቀል አደባባይ በእግርሽ ደርሰሽ እንደመመለስ በይው» አልኳት። «በዚያ በካሴት ጊዜ እኮ እንሄደው ነበር» አለች። እውነቷን ነው።

ካሴቱ አሁንም እናታችን ቁም ሳጥን ውስጥ አለ ብላ ታምናለች እህቴ። እኔ አይመስለኝም። ተከራከርን፣ ርቦን ነበርና መኪና ማቆሚያው ድረስ አፋችን ሳይዘጋ ሄድን። መሽቷል፣ ሰው የለም። ቦርሳዋን መኪናው ላይ አስቀመጠችና ፎጣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። አምሳ ሊሞላት ነው። «ቆይ እስቲ» አለች። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ቁጥሮች እንደ ድሮው ሄደችበት፣ ዞረች፣ ቀሚሷን ገለበች። ከዚያ ቆመች። መሬቱን አየች፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄደችና እንደገና ከመጀመሪያው ልትጀምር እጇን አነሳች።

«እዚያ ጋ ለምን አልጨፈርሽም?» አልኳት።

«እዚያ ጋ ሰው አለ» አለች።